ስለናትን ጥሪልኝ

ልጅ ሳለሁ የምቀናባት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዛሬም እቀናባታለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ እሷ እናትና አባት ያልነበራት፣ እኛ ቤት ያደገች፣ እኔን የጠበበኝን ቀሚስ የምትለብስ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ከጎኔ የምትተኛ ልጅ ነበረችና። እኔ እናት ነበረችኝ፣ አባት ነበረኝ፣ የማያልቅ ምላስም ነበረኝ። ታዲያ ምኗ አስቀናሽ? ይሉኛል። በእርግጥ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ዳቦ ወይም ጫማ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል እገላገለው ነበር።

ስሟ ስለናት ነው። የአባቴ እህት ልጅ ናት፤ እኔ በአንድ ክረምት እበልጣታለሁ። ገና የወተት ጥርሷን ሳትቀይር እናቷ ስለሞተች ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን አመጧት። እኔም ሕፃን ስለነበርኩ እንዴት እንደመጣች ትዝ አይለኝም። ልብ ስገዛ እሷ ከእኛ ጋር ነበረች፤ ሁልጊዜም የነበረች ይመስለኝ ነበር። ዝምተኛ ናት። ስታወራ ደግሞ ቃሉን እንደ ሽሮ በርበሬ መጥና ነው የምታወጣው።

በቤታችን ተረት የሚነግሩን አያ ቢተው ነበሩ፤ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እኛው ዘንድ ኖሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ዲማ ወርደው፣ ሳይጨርሱ ተመልሰው ሞፈር የጨበጡ ሰው ናቸው፤ መንደሩ ግን እንደ ጨረሰ ሰው ነበር የሚያከብራቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ፤ ድንበር ሲገፋ እሳቸው ይጠራሉ፤ ሰው ሞቶ ለእናቱ ወይም ለሚስቱ መርዶ የሚነግር ሲጠፋም ያው እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ ግን የእኛ ነበሩ።

ያኔ ጨለማው ገና በደጅ እንደያዘ፣ ጥጆቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ፣ አባቴ እግሩን ታጥቦ መደቡ ላይ ጋደም ሲል፣ እኛ ልጆቹ ምድጃውን ከበን እንቀመጥ ነበር። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጥላችንን ግድግዳው ላይ ያወዛውዘዋል፤ የክትክታው ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ረመጡ ውስጥ የቀበርነው ድንች ልጣጩ እየተሰነጠቀ ጷ ሲል ሁላችንም «የኔ ነው! የኔ ነው!» እንላለን። አያ ቢተው ዝምታ እስኪወርድ ድረስ ጭናቸው ላይ ቃጫ እየፈተሉ ገመድ ይገምዳሉ። ገመዱ ለእሳቸው እንደ መቁጠሪያ ነበር፤ ሳይገምዱ ተረት አይመጣላቸውም። ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ መሀል ላይ ሳል የሚያቋርጠው ድምፅ ነበር፤ ጅብ ሲያወሩ እኔ በእውነት ከጓሮ የመጣ ጅብ ይሰማኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከዲማ ይዘውት የመጡት ነው። እዚያ መምህሩ ያስተማሩትን ተማሪው በማግስቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ መልሶ ይላል፤ ካልመለሰ አዲስ ነገር አይሰማም። እኛም ቤት አዲስ ተረት ከመጀመሩ በፊት የትናንቱን አንዳችን መልሰን ማለት ነበረብን። ማን ይመልሰው የሚለውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። እኔ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ በጉልበቴ ቆሜ፣ «እኔ አያ! እኔ አያ!» እላለሁ። እሳቸው ጥግ ወደተቀመጠችው ልጅ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ። «እስቲ ስለናት።»

እስቲ ስለናት! ያቺን ቃል ስሰማ አንጀቴ እርር ይል ነበር።

አንድ ቀን ግን እኔን አሉኝ። የዚያን ሰሞን የነገሩን የአውራ ዶሮ ተረት ነበር። አንዲት አሮጊት ታመው ሌሊቱ አልነጋ ይላቸዋል። ዶሯቸውን፣ «እባክህ ነጋ ብለህ ጩህልኝና ልጽናና» ብለው ይለምኑታል። ዶሮው አንጀቱ አልችል ብሎት ጎህ ሳይቀድ ይጮሃል። አሮጊቷ ተመስገን ብለው ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ የአገሩ ገበሬ ግን ነጋ ብሎ በጨለማ በሬ ጠምዶ ይወጣል፤ ጅብም ስንቱን በሬ ከነቀንበሩ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ዶሮው እውነተኛው ንጋት ሲመጣ ቢጮህ ቢጮህ ከአልጋው የሚነሳለት ሰው ጠፋ። ተረቱ ይኸው ነው።

እኔ ታዲያ ይኼን ባዶውን እንዴት ልተወው? ለዶሮው ካባ አለበስኩት። ለጅቡ ሰባት ልጆች ሰጠሁት፣ ሁሉንም በየስማቸው ጠራኋቸው። አሮጊቷን የደብሩ አለቃ እናት አደረግኳቸው። አባቴ መደቡ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አያ ቢተውም ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በቃ፣ አለፈልሽ ፈንታ፣ አልኩ ራሴን በሆዴ። እሳቸውም ሳቃቸውን ሲጨርሱ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ያንቺ ይጣፍጣል የኔ ልጅ» አሉኝ። ወዲያው ዞር ብለው ደግሞ፣ «ስለናት፣ እኔ ምን ነበር ያልኩት?»

እሷም አለችው፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ። እሳቸው ሳል ያቋረጣቸው ቦታ ላይ እንኳ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆም ስትል ጊዜ ልዘልባት ምንም አልቀረኝም። ስትጨርስ ግን ያልተጠበቀ ነገር ጠየቀች።

«አያ፣ አሮጊቷ መቼ ነው ያወቁት?»

«ምኑን?»

«አለመንጋቱን።»

የአያ ቢተው እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። «እሱን አልነገሩኝም» አሉ፤ ከዚያ ድንቹ አረረ ብለው ሁላችንንም አስነሱን። ያኔ ጥያቄዋ አጉል ብልጠት መሰለኝና ይበልጥ አናደደችኝ።

በተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ነገሩ በቀንም አለቀቀኝም። ጥጃው ተፈትቶ ጡት ሲጠባ ማን ሳያስረው ሄደ ሲባል የምትጠየቀው ስለናት ናት። እኔ ሮጬ መጥቼ፣ «በረዶ የላይ ሠፈሮችን ጤፍ አጋደመው!» ስል እናቴ የያዘችውን ሳትለቅ ከኋላዬ የምትመጣዋን ስለናትን ታያለች፤ ስለናት ራሷን ነቅነቅ ካደረገች ያኔ «ውይ! ውይ! ድሆቹን!» ይመጣል። አስቡት እንግዲህ፤ በረዶውን በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የዘገንኩት እኔ ነኝ! እውነት ስናገር እንኳ ዋስ ያስፈልገኝ ነበር፤ ዋሴም እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ይኼን ነገር ብለምደው ብዬ ወንዝ ዳር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ተረት ሳልጨምር ማለት ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም፤ ካባውን ከዶሮው ላይ ሳወልቀው አፌ ይደርቃል። የተረቱ እሳት አንድ ነው፣ ያወጉን ሰው አንድ ናቸው፣ ድንቹን የተካፈልነው እኩል ነው፤ እሷ ይኼን ነገር ከየት አገኘችው? በምን ጊዜ ሰጧት? ለእኔስ ለምን አልሰጡኝም? ይኼ ነበር ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝ።

ከእኛ አጥር ቀጥሎ እትዬ አንጓች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ደሳለኝ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ እሱም እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል። በኅዳር አብሮት የወረደው ጓደኛው የሁለቱንም ሻንጣ ተሸክሞ ተመለሰ። እንደ ወጉ በቀጥታ ወደ ደሳለኝ እናት ቤት አልሄደም፤ ማታ ዓይን ሲይዝ ጓሯችንን ዞሮ ወደ አያ ቢተው መጣ። ወባ ነው አለ። እዚያው ቀብረነዋል አለ።

መርዶ በአገራችን እንዲሁ ብድግ ተብሎ አይነገርም። የሟች እናት ብቻዋን እያለች፣ በምሽት፣ ባዶ ሆዷን አይነገራትም። ዘመድ ይጠበቃል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ንጋት ላይ በሯ ይንኳኳል። እስከዚያው አገር ምድሩ አውቆ እሷ ብቻ ሳታውቅ ትሰነብታለች። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ የሚደበቀው የሴትየዋ ሞባይል ነው፤ ያኔ ግን እትዬ አንጓች ስልክም አልነበራቸው። የተጠበቀው ወንድማቸው ከመርጡለ ማርያም እስኪደርስ ነበር። ሴቶቹ እኛ ቤት ጓዳ ገብተው አፋቸውን በነጠላ አፍነው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ወጥተው፣ «እንዴት ዋልሽ አንጓች? ብርዱስ እንዴት ነው?» ይላሉ። አያ ቢተውም ራሳቸው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ፣ «ልጅየው ሰሊጡ በዝቶበት ይሆናል የቆየው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እሳቸው! ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ባዩ!

ወንድምየው ይደርሳል በተባለበት ዋዜማ፣ እነ አያ ቢተው ከሽማግሌዎቹ ጋር የነገውን ሊመክሩ ከሰዓት በኋላ ወጡ። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ለለቅሶው የሚሆነውን በሌላ ቤት ያሰናዱ ነበር። እትዬ አንጓች ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ ደግሞ ሰው ደጅ ወጥተው ነገር እንዳይሸታቸው አንድ ልጅ ይሂድላቸው ተባለ።

«ስለናት ትሂድ» አለች አንዷ።

«ኧረ በማርያም!» አለች እናቴ፤ «እሷን አንድ ነገር ከጠየቋት አለቀልን። ፊቷ ራሱ ያወጣል። ፈንታ ትሂድ፤ እሷ ታውቅበታለች።»

እንዴት እንደተነሳሁ አልረሳውም። ደስ አለኝ መሰላችሁ? አዎ ደስ አለኝ፤ ግን ገና ደጃፉን ሳልወጣ ደስታዬ ጎመዘዘኝ። ዕድሜ ልኬን ስለናትን ትቶ እኔን የሚመርጠኝ ሰው ስመኝ ኖሬ፣ ስመረጥ ለምን ተመረጥኩ? ለውሸት። እሷን ደግሞ ለእውነቷ ፈርተዋት ቤት አስቀሯት። የታመነችውም እሷ፣ የተፈራችውም እሷ። እኔ ሁልጊዜ የተረፈውን ነበር የማገኘው።

እትዬ አንጓች ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ለደሳለኝ ጋቢ ነው፤ ለጥምቀት ያደርሱለታል። እንዝርቱ ሲሽከረከር እያየሁ እኔም ገባሁና ተቀመጥኩ። እሳቸው መጀመሪያ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ከዚያ፣ ሳያዩኝ፣ ጀመሩ።

«ፈንታ፣ እናትሽ ዛሬ ለምን አልመጣችም?»

«ራሷን አሟት ነው እትዬ።»

«አያ ቢተውስ፣ ጠዋት ሲያናግሩኝ ፊታቸውን ለምን አዞሩ?»

«ዓይናቸውን ጭስ ጎድቷቸው ነው። ሲያለቅሱ ነው ያደሩት በጭሱ።»

«እነዚያ ሴቶች እናንተ ቤት ምን ይሠራሉ?»

«ማኅበር ሊገቡ ነው መሰለኝ።»

አንዱን ስጨርስ ሌላው አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እንደዚያ ቀን ምላሴ ለስልሶልኝ አያውቅም። እትዬ አንጓች እንዝርቱን አቆሙት።

«ልጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እንጂ! አንድ ሰው ገበያ አግኝቶት ነበር። ወፍሯል አለ። ለጥምቀት በእርግጥ እመጣለሁ፣ ለእናቴም የአንገት ልብስ ገዝቻለሁ ብሏል አለ።»

የአንገት ልብሱን ማንም አላዘዘኝም፤ የኔው ነው። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ኀዘንም ገና አልነበረባቸውም። ልክ ሰው የሳሳ ልብስ ወደ ብርሃን አንስቶ እንደሚያየው ነበር ያዩኝ። ከዚያ ጥጡን ከጭናቸው አንስተው ሙዳዩ ውስጥ አስቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሂጂ ስለናትን ጥሪልኝ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ያቺ ሴት ልጃቸው ሞቶባቸው እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ምን ነበር? «አሁንም እሷ!» ነው ያልኩት በልቤ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለደሳለኝ አልነበረም።

ትልቅ ሰው ባገኝ ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ ማንም አልነበረም። ስለናት ብቻዋን ምድጃው ጋ ተቀምጣ ረመጡን በእንጨት ትቆሰቁሳለች። «እትዬ አንጓች ይጠሩሻል» አልኳት።

«ጠየቁሽ?» አለችኝ።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ደህና ነው አልኳቸው።»

ሌላ አልተናገረችም። እንጨቱን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች። አትሂጂ ልላት ነበረብኝ መሰለኝ፤ አላልኳትም፤ ማየት ፈልጌ ነበር። ምን እንደምትል ማየት። እሷም አንድ ቀን እንደኔ ስትዋሽ ማየት።

በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ውስጥም አልዘለቀች። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር ፊቷ አይታየኝም፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። እትዬ አንጓች ከመቀመጫቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ስለናትዬ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ልጄ አለ?»

 ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ነገሩ እንዳይነገር ታዝዛለች፤ እናቴ መቶ ጊዜ አስጠንቅቃታለች፤ አያ ቢተውም ጠርተው መክረዋታል። መቼም ወይ ትዋሻለች ወይ ታፈርጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሁለቱንም አላደረገችም።

«እኔንም እንዲህ አድርገውኝ ነበር» አለች።

«ምን አድርገውሽ ነበር፣ የኔ እናት?»

«እናቴ ጠበል ሄዳለች ብለውኝ ነበር።»

ያ ብቻ ነው። ከዚያ የእትዬ አንጓች ጩኸት መንደሩን ሰነጠቀው። «ልጄን! ደሳለኜን! ወየው አንድዬን!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ስለናት ሮጣ ገባችና ወገባቸውን ይዛ አብራቸው መሬት ላይ ወደቀች። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ከየቤቱ ሰው እየሮጠ መጣ፤ ወንዶቹ ከምክክራቸው ነጠላቸውን እያጣፉ ደረሱ። በምሽት! የአንጓች ወንድም ሳይደርስ! «ማነው ያፈረጠው?» አለ አንዱ ሽማግሌ በቁጣ። ስለናት ከሴቶቹ መሀል ራሷን ቀና አድርጋ፣ «እኔ ነኝ» አለች። ሰውየው እናቴ ላይ ጮኸባት፤ ልጅ አሳድጌያለሁ ትያለሽ፣ አፍ መያዝ አላስተማርሻትም፣ አላት። አያ ቢተው ለነገ ንጋት ያሰናዱትን ቃል በአፋቸው እንደያዙ፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ስለናትን ብቻ ያዩ ነበር። ስለ ጠበሉ የተናገረችውን ሰው ነግሯቸው እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

የደሳለኝ ሰልስት ካለፈ በኋላ ወደ እሳታችን ተመለስን። ድንቹ እንደ ድሮው ረመጥ ውስጥ ነው፤ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ነው፤ እኛም ዝም ብለን ተረት እንጠብቃለን። አያ ቢተው ገመዱን አነሱ፣ ጥቂት ገመዱ፣ ተዉት።

«ስለናት፣ ነይ ወዲህ» አሉ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እናትሽ ጠበል ሄዳለች ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ቀብሬያት በተመለስኩበት ቀን ነው ያልኩሽ። ሕፃን ናት፣ እየቆየች ትረሳለች ብዬ ነበር። አልረሳሽም። በጋውን ሙሉ ማታ ማታ አጥሩ በር ላይ ቁጭ ብለሽ መንገዱን ስታዪ አይሻለሁ፤ እያየሁሽ ዝም አልኩ። ኋላ የነገሩሽ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ እየሳቁ ነው የነገሩሽ። እሱንም አውቄአለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እናቴ፣ «ኧረ አያ! ኧረ እርስዎ ለልጅ!» ብላ ልታነሳቸው ብድግ አለች፤ እሳቸው ለካ በጉልበታቸው ሆነዋል። አባቴ መደቡ ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ፣ አትፍረዱብኝ፣ ቀናሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንድም ትልቅ ሰው ይቅር በይኝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። የገረፉኝ ገርፈውኛል፣ ያሞገሱኝ አሞግሰውኛል፤ ዋሽቼሻለሁ ያለኝ ግን የለም። የአጥሩን በር አሰብኩ። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ከጥጃ ጋር ስሯሯጥ እሷ መንገድ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ አላየኋትም።

ስለናት የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ከዚያ ጠየቀች።

«ስትሞት ጠርታኝ ነበር?»

 እናቴ አያ ቢተው አጠገብ ቆማ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ በዓይኗ ትለምናቸዋለች፤ አዎ ይበሏት፣ ምን አለበት፣ አዎ ይበሏት እንጂ! የእኔም ከንፈር «አዎ» ሊል ተዘጋጅቷል፤ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ጠርታሻለች፣ ሁለት ጊዜ ጠርታሻለች፣ ቀሚስሽን ታቅፋ ነው የሞተችው እል ነበር። የሚጣፍጥ ነገር ነበር። የማይጎዳ ነገር ነበር። ማን ያጣራዋል? አባቴ እንኳ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ አይቻለሁ።

አያ ቢተው አፋቸውን ከፍተው እናቴን አዩ፣ መልሰው ገጠሙት። እሳቱ ውስጥ እንጨት ተሰብሮ ወደቀ።

«አልጠራችሽም፣ ልጄ» አሉ። «ከወደቀች ጀምሮ አፏ ተይዞ ነበር። ማንንም አልጠራችም፤ እኔንም አላወቀችኝ።»

እናቴ፣ «ጨካኝ!» ብላ ነጠላዋን ወርውራ ጓዳ ገባች። እኔም ስለናት አሁን ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በእናቷ ስታለቅስ ያየኋት፤ ድምፅ የሌለው፣ ጠብ ጠብ የሚል እንባ ነበር። ከዚያ ራሷን አያ ቢተው ጭን ላይ አስደገፈች። እሳቸውም እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ ምሽት ተረት አልነበረም። ድንቹን ብቻዬን በላሁት፤ አልጣመኝም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ልጆች አሉኝ፤ ተረት እነግራቸዋለሁ፤ ካባ የለበሰ ዶሮም አለኝ፤ ይወዱታል። የልጆቼ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ልጆችን እንዴት ሐቀኛ እናድርጋቸው ብሎ ሲያወያየን አንዱ በተረት ነው ይላል፣ ሌላው በቁጣ ነው፣ ሌላው በጸሎት። እኔም እጄን አንስቼ ልናገር አልኩና ተውኩት። ምን ልል ነበር? እኔ ተረቱን ሁሉ ሰምቻለሁ። ስለናት ያገኘችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሁሉም ዋሽ እያለው፣ ራሱም መዋሸት እያማረው፣ ያልዋሸበት አንድ መልስ። እሱን ከየት ገዝቼ ላምጣላቸው? ደግሞ ምን ከፍላበት እንዳገኘችው ሳስበው መቅናቴ ያሳፍረኛል፤ ቢያሳፍረኝም አልተወኝም።

ስለናት እዚያው ደብረ ኤልያስ አገባች፣ ወለደች። እናቴንም በመጨረሻ ያስታመመቻት እሷ ናት፤ እኔ ከከተማ ለመሄድ በዓል ስጠብቅ፣ ሥራ ስጠብቅ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ፣ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በይ» አሉኝ። ትንሽ አሟታል! ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ አወቅኩት፤ እኔም እኮ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያዙኝ፤ አንዷ በጆሮዬ፣ ሌላዋ ጮክ ብላ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይነግሩኝ ነበር። «ስምሽን እየጠራች ነው ያረፈችው። ፈንታ፣ ፈንታ እያለች። አንቺን እያለች ነው።»

እውነት ሊሆን ይችላል። እናቴ ትወደኝ ነበር፤ ለምን አትጠራኝም? ግን እነዚያ ሴቶች ባትጠራኝም ኖሮ ያንኑ ይሉኝ ነበር። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እል ነበር፤ የአንገት ልብስም እጨምርበት ነበር።

ስለናት ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር። ምንም አላለችኝም። ዓይኗ ቀልቶ፣ እጇን አጣምራ፣ ታየኝ ነበር። እናቴ ባረፈችበት ሌሊት አጠገቧ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።